የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም የት ይሠልጥን?

የተከበራችሁ የሕክምና መምህራን፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ወረዳዎች የመጣችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች፣ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ ላይ ያላችሁ ሬዚደንቶች፤

እንድናገር የተጠየቅሁት በጽኑ ለታመሙ ጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች ስለሚሰጠው የፌሎሺፕ ሥልጠና፣ ማለትም ከስፔሻሊቲ በኋላ ስለሚሰጠው ከፍተኛ ሥልጠና ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ፣ ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። የምሥራቁን የአገራችንን ክፍል ጨቅላ ሕፃናት የሚያክም ከፍተኛ ሐኪም የሥልጠናውን አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ በሐረርና በድሬዳዋ፣ በእነዚሁ ሕፃናት አልጋ ዙሪያ ሊያሳልፍ ይገባዋል እላለሁ። ለዚህ የሚያበቃኝ ለአካባቢዬ ያለኝ ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጉባኤ ፊት ባላነሣሁት ነበር። ከፍተኛ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፤ በአንድ አገር ሕፃናትን ያዳነ ሕክምና በሌላ አገር፣ በሌላ ክፍል፣ በሌሎች እጆች ሲሰጥ ሊጎዳ ይችላል።

ዘርፉ ራሱ ዕድሜው ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጂር ሚድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በትንፋሽ ችግር የሚሞቱት ሳንባቸው ሰርፋክታንት የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ስለማያመርት መሆኑን አሳዩ። ሰርፋክታንት የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ከውስጥ ይቀባል። እርሱ በሌለበት ሕፃኑ አየር ባስወጣ ቁጥር የከረጢቶቹ ግድግዳ እንደ ረጠበ ፌስታል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቀጣዩን ትንፋሽ ለመሳብም እንደ አዲስ መታገል ይኖርበታል። ማቃሰቱ፣ የአፍንጫው መርገብገብ፣ የደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ይህ ከታወቀ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ ቀድሞ ተወለደና 2.1 ኪሎ ያህል እየመዘነ ሁለት ቀን ሳይሞላው በዚሁ ሕመም ሞተ። አባትየው በዓለም ላይ ያለውን ሐኪምና መሣሪያ ሁሉ ማስመጣት የሚችል ሰው ነበር፤ ያልነበረው ሕክምናው ነው። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሕፃኑን ሳንባ በማያቋርጥ የአየር ግፊት ክፍት አድርጎ የማቆየትን ዘዴ፣ ዛሬ ሁላችሁም ሲፓፕ የምትሉትን፣ አስተዋወቀ፤ በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለአሥር ሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን ለዓለም አሳወቀ። በአሜሪካ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው የብቃት ማረጋገጫ ፈተና የተሰጠው በ1975 ነው። ከሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ በኋላ የሚሰጠው ይህ ሥልጠና በዚያ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ወደ ራሳችን ሁኔታ ልመለስ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 49 ነበሩ፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 29 ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አዋላጆቻችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የደከሙበት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው የ2019 ጥናት ግን መውረዱ እንዳልቀጠለ አመልክቷል፤ እስከ 2030 ለመድረስ የተያዘው ዓለም አቀፍ ግብ ደግሞ 12 ነው። ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉት ሕፃናት ሞት በክትባት፣ በአልሚ ምግብና በንጹሕ ውኃ ሲቀንስ፣ የቀረው ሞት ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ተሰብስቧል። በእነዚያ ቀናት የሚገድሉት ሦስቱ ዋና ምክንያቶች፣ ማለትም ያለ ቀን መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን፣ በዘመቻ የሚወገዱ አይደሉም። ሌሊቱን ሙሉ ከሕፃኑ አጠገብ የሚቆም የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች ያለ ቀናቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገውን ሰፊ ጥናት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ፣ ማለትም 29 ከመቶው፣ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከሞቱት 45 ከመቶ ያህሉን የገደለው ኤቨሪና ሚድ በ1959 ምክንያቱን ያሳዩት ያው የሳንባ አለመዳበር ነው። ከዚህም በላይ ልብ የሚነካው፣ ከሞቱት ሁለት ሦስተኛ በሚበልጡት ላይ የሰውነት ሙቀት መቀነስ ለሞት አስተዋጽኦ ማድረጉ ነው። የሳንባው ችግር ውድ መድኃኒትና መሣሪያ ይጠይቃል እንበል። ብርዱ ግን ኮፍያ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ የእናት ደረትና ቴርሞሜትር ነው የሚጠይቀው። የአንድ ከፍተኛ ሐኪም እውቀት መለኪያው ሁለቱንም በእኩል ክብር መያዙ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ማስረጃዬን ከዚህ ላምጣ። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለመጣባት እናት የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ የሕፃኑን ሳንባ እንደሚያዳብር ሊጊንስና ሃዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዚላንድ ውስጥ አሳይተዋል፤ በበለጸጉት አገሮች ሕይወት ማዳኑ ካለቀለት ቆይቷል። ይህንኑ መድኃኒት በስድስት አገሮች እስከ ታች ባሉ የጤና ተቋማት ለማዳረስ የተደረገው ትልቅ ጥናት በ2015 ሲታተም ግን ውጤቱ ያስደነገጠ ነበር፤ በጣም አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ጥቅም አልታየም፣ በአጠቃላይ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በእናቶች ላይ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ቁጥርም ጨመረ። መርፌውን ከወሰዱት እናቶች ብዙዎቹ በመጨረሻ የወለዱት ቀኑ የሞላውን ልጅ ነበር፤ የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል የሚለይላቸው አልነበረምና። በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ይህንኑ መርፌ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ፈተነው። በዚህኛው የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለይቶ ነበር፤ የተወለደውንም ሕፃን የሚቀበል ክፍል ነበረው፤ የጨቅላ ሕፃናቱ ሞት ከ23.5 ከመቶ ወደ 19.6 ከመቶ ወረደ። መድኃኒቱ ያው አንድ መድኃኒት ነው። ልዩነቱን የፈጠረው በዙሪያው ያለው የሕክምና ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ ወደ ፌሎሺፕ ጉዳያችን ይቀርባል። በወሊድ ጊዜ ታፍኖ አንጎሉ የተጎዳን ሕፃን ለ72 ሰዓታት ሰውነቱን ወደ 33.5 ዲግሪ ማቀዝቀዝ በአውሮፓና በአሜሪካ ሞትንና አካል ጉዳትን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ጥናት የተረጋገጠ፣ የዕለት ተዕለት ሕክምና ነው። በዚያ የሠለጠነ ወጣት ሐኪም ይህን ተምሮ፣ ዓይኑ እያየ ሕፃናት ሲድኑበት ተመልክቶ ቢመለስ፣ እዚህም ለመጀመር ቢጓጓ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች 408 ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት፣ ከቀዘቀዙት 42 ከመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 ከመቶ መሞታቸውን አሳየ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ለእኔ ከክርክሩ የሚወጣው ቁም ነገር፣ ሐኪሙ የሚያክመውን ሕፃን ሕመም ሕፃኑ በተወለደበት ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ካላጠና በቅንነት የሚያደርገው ነገር ሊገድል እንደሚችል ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የተስፋ ማስረጃ ነው። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አቅፎ ማሞቅ፣ በ1978 በኮሎምቢያ መዲና በቦጎታ፣ ኢንኩቤተር (የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን) በጠበበበት ሆስፒታል፣ ከችግር ተወለደ። ለረጅም ዘመን ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ የሚሰጥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተደረገውና በ2021 በታተመው ጥናት፣ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት ገና ሳይረጋጉ፣ ወዲያው እንደተወለዱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ሲያዙ ሞታቸው ከ15.7 ወደ 12 ከመቶ ወረደ። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበበት ጊዜ በፊት ቆመ። ይህን እውቀት ለዓለም ያበረከቱት እንደኛው ያሉ ክፍሎች ናቸው። ሐረርም ድሬዳዋም እንዲህ ያለ እውቀት የሚወጣባቸው ሊሆኑ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ አልጋው እንቅረብ። ሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያውቀው ይገባል ብዬ የማምነው ነገር ባብል ሲፓፕ ነው፤ ቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽኑ፣ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አንደኛው የቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይገባል፤ ያ ጥልቀት ነው የሕፃኑን ሳንባ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ግፊት። ውኃው ሲንቦቀቦቅ ግፊቱ አለ ማለት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቦቅቦቁ ቢያቆምስ? የሠለጠነ ዓይን ሕፃኑን አስቀድሞ ያያል፣ ከዚያ ከአፍንጫው ይጀምራል፤ የአፍንጫው ቱቦ ወጥቷል? ልኩስ ነው ወይስ ለሕፃኑ ጠቧል? አፉ ተከፍቶ አየሩ በዚያ እያመለጠ ነው? አክታ ዘግቶታል? መጋጠሚያው ላልቷል? በድሬዳዋ ሙቀት የጠርሙሱ ውኃ ተንኖ ጎድሏል? ወይስ መብራት ጠፍቶ ኦክስጅን ከአየር የሚለየው መሣሪያ፣ ኮንሰንትሬተሩ፣ ቆሟል? በሌላ በኩል ውኃው እየተንቦቀቦቀም ሕፃኑ ሊደክም ይችላል፤ የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ በቱቦው ግፊት ሊቆስል ይችላል፤ ሆዱ በአየር ሊነፋ ይችላል። ይህን ሁሉ በንባብ መያዝ ይቻላል። በጨለማ፣ በአንድ ነርስ እጅ ላይ ስምንት ወይም አሥር ሕፃናት ባሉበት ሌሊት፣ የቱ ሕፃን መቆየት እንደሚችልና የቱ እንደማይችል መለየት ግን ደጋግሞ በማየት የሚገኝ ነው። ሠልጣኙ የማታ ተራ ሲወጣም ከነርሷ ጎን ቆሞ፣ ነርሷ የምታየውን እንዲያይ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ከመውደቁ በፊት “ዛሬ መልኩ አላማረኝም” የምትለው እርሷ ናት።

ኦክስጅንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በበለጸጉት አገሮች ያለ ቀናቸው የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ያለ ልክ በተሰጣቸው ኦክስጅን ዓይናቸውን አጥተዋል። እኛ ደግሞ ዛሬ፣ ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያ በሌለበት ንጹሕ ኦክስጅን ከሲሊንደር በቀጥታ ስንሰጥ፣ ያንኑ ታሪክ ልንደግመው እንችላለን። ኦክስጅን የሚወስድ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ከ90 እስከ 95 ከመቶ እንዲሆን መጠበቅና ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ዓይኑን ማስመርመር የሥልጠናው አካል መሆን አለበት። ከሞት ተርፎ ዓይነ ስውር የሆነ ልጅ እናት “አዳናችሁልኝ” ብላ አመስግናን ትሄዳለች፤ ዓይኑ እንደማያይ የምታውቀው ወራት አልፈው ነው። ለዚህ ሕፃን የዓይን ሐኪሙና የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሙ አንድ ቀጠሮ ይዘው መሥራት ይኖርባቸዋል።

የመንገዱን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሁሉ የአየሩን ለውጥ በቆዳው ያውቀዋል። በድሬዳዋ ሙቀት በቀጭን ጨርቅ ተጠቅልሎ የተነሣ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሕፃን፣ ሐረማያን አልፎ፣ የአወዳይን የገበያ ሕዝብ ሰንጥቆ እስኪደርስ እግሩ በረዶ ይሆናል። የሰውነት ሙቀቱ ከ36.5 በታች የወረደ ሕፃን ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሳንባውም ይብሳል። በመሆኑም ሠልጣኙ ሕፃን ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዲያድግ አልፈልግም። ከድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል የሚነሣውን ሕፃን በአምቡላንሱ ውስጥ ሆኖ ያጅበው፤ ከፈዲስ፣ ከባቢሌ፣ ከጉርሱም የሚላኩትንም ከመነሻቸው ይመልከት፤ እናቲቱ አብራ እንድትመጣ፣ ሕፃኑም በደረቷ ላይ ታስሮ እንዲጓዝ ከላኪው ጤና ጣቢያ ጋር በስልክ ይነጋገር። ሕፃኑን አስቀድመን ልከን እናቱን በወለደችበት ስናስቀር የምናጣው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ጡቷም ይደርቃል።

በእነዚህ ክፍሎቻችን ውስጥ በአንድ ጠዋት አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይሰማል። ሠልጣኙ ሁሉንም እንዲናገር ማስገደድ አይቻል ይሆናል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ግን ይችላል፣ ይገባዋልም። አንዲት አያት ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ የተቀመጠ የልጅ ልጃቸውን አይተው “ብርድ ይመታዋል፣ አንሡት” ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ነርሷ አልተከራከረቻቸውም። “እማማ፣ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ” ብላ መዳፋቸውን በጨርቁ ሥር አስገብታ በሕፃኑ እግር ላይ አሳረፈችው። እግሩ ሞቆ ነበር። አያትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “እናቱ ስትደክም እኔ እይዘዋለሁ” አሉ፤ ደረታቸውን ታጥበው ያዙት። ይህችን ነርስ ለሠልጣኞች አስተማሪ አድርጎ መመደብ ለምን ያስቸግራል? በደንባችን አስተማሪ የሚባለው የማዕረግ ስም ያለው ብቻ ሆኖ ነው።

ከሞት በኋላ ያለውም ትምህርት እዚሁ አለ። የሕፃናትን ሞት መንስኤ የሚያጠናው ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ በኢትዮጵያ የሚሠራው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ በሐረርና በቀርሳ ነው። ቤተሰብ ሲፈቅድ ከሞተው ሕፃን ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎልና ደም በመርፌ አነስተኛ ናሙና ይወሰዳል፤ የመሞቱ ምክንያትም በግምት መባሉ ይቀርና በላቦራቶሪ ይለያል። በካርዱ ላይ በደፈናው “ኢንፌክሽን” ብለን የጻፍነው የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የምንሰጠው አንቲባዮቲክ ይገድለው እንደነበር፣ ሕፃኑ ከእናቱ ያገኘው ወይስ ከእኛ ክፍል የያዘው መሆኑን በዚህ መንገድ ማወቅ ይቻላል። የመጨረሻው ጥያቄ መራራ ነው፤ በእጃችን፣ በቧንቧችንና በመምጠጫ ቱቦዎቻችን ንጽሕና ላይ ይመጣልና። ፈቃዱን መጠየቅ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ቀብር በዚያው ቀን በሚፈጸምበት ባህል ውስጥ፣ ልጁን ያጣን አባት በሰዓታት ውስጥ ቀርቦ ማነጋገር ማስተዋልን፣ ትሕትናን፣ ቀብሩ እንዳይዘገይ ቃል መግባትንና ቃልን መጠበቅን ይጠይቃል፤ ውጤቱ ሲመጣም ተመልሶ ለቤተሰቡ መንገርን። ይህን ከዚህ በተሻለ ሊማርበት የሚችል ቦታ ለአገራችን ሠልጣኝ አላውቅለትም።

እንግዲህ ሥልጠናው ሁለት ዓመት ይሁን ብለን ብናስብ፣ በእኔ እምነት አብዛኛው ጊዜ በሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታልና በድል ጮራ ያልፋል፤ ለልብ አልትራሳውንድ፣ ለሕፃናት ቀዶ ሕክምናና ውስብስብ ለሆነ የቬንቲሌተር ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድባቸው ወራት ይኖሩታል። ከውጭ የሚመጡ መምህራንም በደስታ ይምጡ፤ ነገር ግን ለሳምንት ንግግር አድርገው ከመመለስ ይልቅ ለወራት ተቀምጠው አብረውን ራውንድ ቢያደርጉ፣ ማለትም ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሕፃናቱን ቢያዩ፣ እመርጣለሁ። ፈተናውም የጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን። ሠልጣኙ በክፍሉ በቆየበት ጊዜ ሲገቡ የቀዘቀዙ ሕፃናት ቁጥር ምን ያህል ቀነሰ? የእናት ጡት ወተት በመጀመሪያው ቀን ያገኙት ምን ያህል ናቸው? አንቲባዮቲክ ሳያስፈልጋቸው የቆመላቸውስ? እነዚህን ከመዝገብ አውጥቶ በጠዋቱ ስብሰባ ፊት ማስረዳት ይኖርበታል።

ለጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል አስተዳደሮች በተለይ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ያየሁት፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለወራት ሠልጥነው እጃቸው የተፈታ ነርሶች በዝውውር ስም ወደ ሌላ ክፍል ሲወሰዱና በምትካቸው የሕፃን ደም ሥር ይዘው የማያውቁ ሲመደቡ ነው። በዚህ ሁኔታ አሥር ከፍተኛ ሐኪሞች ብናሠለጥን የሌሊቱ ሞት አይቀንስም፤ ሐኪሙ በሌለባቸው ሰዓቶች ሕፃኑን የሚይዙት ነርሶቹ ናቸውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ሠልጣኝ ከመመዝገቡ በፊት፣ ለዚህ ክፍል የተመደቡ ነርሶች ቢያንስ የሥልጠናው ዘመን እስኪያልቅ እንደማይዛወሩ በጽሑፍ እንዲጸና፣ ሲፓፑንና ኮንሰንትሬተሩን የሚጠግን የባዮሜዲካል ባለሙያም በተረኛነት እንዲመደብ እጠይቃለሁ። ውይይታችንን ከዚህ ብንጀምር፣ በተለይም ከድሬዳዋ የመጣችሁት የክፍል ኃላፊ ነርሶች የምትሉትን አስቀድመን ብንሰማ ደስ ይለኛል።